ለወበቅና ለወዛም ፊት የሚሆን የፀሐይ መከላከያ

ከደጋ ወርዶ ጋምቤላ የሰነበተ፣ ወይም ጅቡቲ፣ ጅዳና ዱባይ የሚኖር ሰው ወበቅ ፊትን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ፊት ታጥቦ ሳይደርቅ በላብ ይርሳል። ግንባርና አፍንጫ በወዝ ያብረቀርቃሉ። በዚህ ላይ የፀሐይ መከላከያ ክሬም (ሰንስክሪን) ሲጨመር ፊት ይጣበቃል፣ ላቡ ክሬሙን ይዞ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። ብዙ ሰው ሰንስክሪን ገዝቶ ከሳምንት በኋላ የሚተወው ለዚህ ነው። ችግሩ ግን መፍትሔ አለው፤ ክሬሙ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይበቃል።

ሰንስክሪን የሚከላከለው ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ምድር ላይ የሚደርሰው ሁለት ዓይነት ነው። ዩቪቢ የላይኛውን ቆዳ ያቃጥላል። ዩቪኤ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ቆዳን ያስረጃል፤ የመስኮት መስተዋትም አያስቆመውም። ጥቁር ቆዳ ባለው ሜላኒን የተነሣ ቶሎ አይቃጠልም፤ ከማዲያትና ብጉር ትቶት ከሚሄደው ጥቁር ነጠብጣብ ግን አይድንም። እነዚህን ደግሞ ፀሐይ ታጠቁራቸዋለች፣ እንዳይለቁም ታደርጋለች። የደጋ ሰውም ቢሆን ቅዝቃዜው ሊያዘናጋው አይገባም፤ ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር የአዲስ አበባ ፀሐይ ብርቱ ናት።

በዕቃው ላይ ኤስፒኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚነግረን በዋናነት ቃጠሎን ስለሚያስከትለው ዩቪቢ ነው። 15 የሚለው 93 በመቶውን፣ 30 የሚለው 97 በመቶውን፣ 50 የሚለው ደግሞ 98 በመቶውን ያህል ያስቀራል። ከ30 ወደ 50 ሲወጣ ያለው ልዩነት እንግዲህ ትንሽ ነው። ዩቪኤን ለመከላከል በዕቃው ላይ ብሮድ ስፔክትረም የሚል ጽሑፍ፣ በአውሮፓ ምርቶች ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ ዩቪኤ፣ በጃፓንና በኮሪያ ምርቶች ላይ ደግሞ ፒኤ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የተደረደሩ የመደመር ምልክቶችን መፈለግ ነው። ምልክቶቹ እስከ አራት ይደርሳሉ፤ ሲበዙ ጥበቃው ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ቁጥሩ የተለካበት መጠን ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ይቀባል። አብዛኛው ሰው ቤቱ የሚቀባው የዚህን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ 50 የሚለውን ገዝቶ የ50ን ጥበቃ አያገኝም። አሳንሶ የሚቀባበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክሬሙ ከብዶታል። ስለዚህ ምቾት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ የጥበቃው አካል ነው።

ክሬሙ ለምን ይከብዳል? ጨረሩን ውጠው ከሚያስቀሩት ኬሚካሎች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ኦክቶክሪሊንና ሆሞሳሌት፣ ራሳቸው ዘይት መሰል ፈሳሾች ናቸው። ቁጥሩ ከፍ እንዲል ሲበዙ ቅባቱም ይበዛል። ሌላው ወገን ማዕድን ነው፤ ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ። እነዚህ ቆዳን እምብዛም አያስቆጡም፤ በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ግን አመድ የተነሰነሰ ያስመስላሉ። በዚህ ላይ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች በብዛት ያሉት ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ወዙም ይጨምራል። አየሩ በእርጥበት ስለተሞላ ላቡ አይተንም፤ ከወዙ ጋር ተቀላቅሎ ክሬሙን ከቆዳው ላይ ያነሣዋል።

እንግዲህ ለወዛም ፊት ከወፍራም ክሬም ይልቅ ጄል ወይም እንደ ውሃ የሚፈስ ቀጭን ሎሽን ይመረጣል። ከይዘቶቹ መካከል ሲሊካ ካለ ወዝ ስለሚመጥ ፊትን ያደርቃል። አልኮል ያለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ቆዳው የሚቆጣ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ማዲያት ላለበትና ነጭ ሽፋን ለሚያስቸግረው ሰው አይረን ኦክሳይድ የተባለ ቀለም የገባበት፣ ከፊቱ ቀለም ጋር የሚሄድ ሰንስክሪን ይሻለዋል፤ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይቀንስለታል። ላብ ለሚበዛበት ውሃን የሚቋቋም ተብሎ የተጻፈውን መምረጥ ነው። በአሜሪካ ደንብ ይህ ለ40 ወይም ለ80 ደቂቃ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ተስፋ መስጠት አይፈቀድም። የቆዳ ቀዳዳ አይደፍንም የሚለውን ጽሑፍ ግን እንደ ዋስትና አትቁጠሩት፤ የመጨረሻው ዳኛ የራሳችሁ ፊት ነው።

አቀባቡም ምርጫውን ያህል ዋጋ አለው። ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይቀድማል። ወዛም ፊት ላይ ከሰንስክሪን በፊት ቫዝሊን፣ የኮኮናት ዘይት ወይም ወፍራም ቅባት መደረብ አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ የሰንስክሪኑ እርጥበት ብቻውን ይበቃል። በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የወጣ ሁለት መስመር ለፊትና ለአንገት ይሆናል። ሁሉንም በአንዴ ከመለቅለቅ ግማሹን ቀብቶ፣ ጥቂት ደቂቃ አድርቆ፣ የቀረውን መድገም ይመረጣል። ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት መጨረስ ጥሩ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ሰው በዓይኑ ዙሪያ የማዕድኑን ዓይነት ይጠቀም። ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መድገም አለበት፤ ከመድገሙ በፊት ላቡንና ወዙን በሶፍት ተጭኖ ማንሣት እንጂ መፈግፈግ አይገባም።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለ። ማዲያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞች ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ይገባባቸዋል። እነዚህ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ሜርኩሪው ኩላሊትንም ይጎዳል። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ክሬም አትቀቡ። ማዲያቱ ወይም ብጉሩ ከበረታ የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ከሰንስክሪን ጋር ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ጥላ ሥር መሆን አብረው ይሂዱ፤ በተለይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት። ስትገዙ በትንሹ ዕቃ ጀምሩ፤ ለጥቂት ቀናት መንጋጋችሁ አካባቢ ሞክሩት፤ ከዚያም በቀትር ወበቅ ፈትኑት። በልኩ ልትቀቡትና ልትደግሙት የማይከብዳችሁ ባለ 30 ሰንስክሪን፣ ከብዷችሁ ከምትተዉት ባለ 50 ይበልጣል።