አብሽ ውስጥ የሴት ሆርሞን አለ ወይ?

አራስ ልትጠይቁ ሄዳችሁ አብሽ ያልሸተታችሁበት ቤት ትዝ ይላችኋል? እኔ አንድም አይመጣልኝ። ገንፎው አለ፣ አጥሚቱ አለ፣ ከራስጌ ደግሞ በማር የተበጠበጠ አብሽ በብርጭቆ ሞልቶ ይጠብቃል። «ጠጪ እንጂ ልጄ፣ ወተት ያመጣል» ትላለች እናት፤ አማትም ከጎን ታግዛለች። ቀጭኗን ልጅ «ትወፍሪበታለሽ» ይሏታል። የወር አበባ ሆዷን ለሚቆርጣትም የሚታዘዝላት ይኸው አብሽ ነው። አሁን አሁን ደግሞ «አብሽ እኮ የሴት ሆርሞን አለው» ሲባል እሰማለሁ። አባባሉ ልክ አይደለም፤ ግን ከባዶ ሜዳ የተነሣም አይደለም። ከጀርባው ያለው ታሪክ በጣም ስለሚገርመኝ ሳላጫውታችሁ አላልፍም።

አብሽ ሲመታ ቆማችሁ ካያችሁ ግማሹን ነገር አይታችኋል። ዱቄቱ ማታ በውሃ ይዘፈዘፋል። ሲነጋ ዱቄቱ ከታች ይረጋና ቢጫ ውሃ ከላይ ይጠልላል። ያንን ውሃ በጣቱ ነካ አድርጎ የቀመሰ ሰው ምሬቱን አይረሳውም፤ የሚደፋውም ለዚሁ ነው። ባለሙያ ሴት ውሃውን ደጋግማ ትቀይረዋለች። ከዚያ የረጋውን መምታት ነው። መጀመሪያ እንደ ሙጫ እየተሳበ እጅ ያደክማል፤ ቆይቶ ቢጫው እየነጣ፣ እየተነፋ፣ ዕቃውን ሞልቶ ይነሣል። የጥቂት ማንኪያ ዱቄት ነገር ነው ብሎ ማን ያምናል?

እዚያ ዕቃ ውስጥ ሁለት ነገሮች እየሠሩ ነው። አንዱ ጋላክቶማናን የሚባል ፋይበር ነው፤ ውሃ እየጠጣ የሚያብጠውና የሚወፍረው እሱ ነው። ሁለተኛው ሳፖኒን ነው፤ አረፋ የሚያወጣ፣ ምላስ ላይም የሚመር። እንዶድ ልብስ ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው ዓይነቱ ቢለይም በዚሁ በሳፖኒን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወራጅ ውሃ አጠገብ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ምርምር ጀመሩ፤ ቀንድ አውጣዎቹን የገደለውም ይኸው ሳፖኒን ነበር።

የአብሽ ሳፖኒን ላይ የተያያዘው ስኳር ሲነቀል ከሚቀሩት ነገሮች አንዱ ዳዮስጀኒን ይባላል። የሆርሞኑ ወሬ የሚነሣው ከዚህ ነው። የዳዮስጀኒን አጥንት፣ አራት የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶች፣ ከሴት ሆርሞኖቹ ከፕሮጄስትሮንና ከኢስትሮጅን አጥንት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፕሮጄስትሮን ከወርቅ የተወደደ ነገር ነበር፤ ከታረዱ እንስሳት አካል በጥቂት በጥቂቱ ነበር የሚወጣው። ራስል ማርከር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ዳዮስጀኒንን ደረጃ በደረጃ ቆርጦ ፕሮጄስትሮን ማድረግ ቻለ። ዳዮስጀኒኑን በብዛት ያገኘው ሜክሲኮ፣ ቬራክሩዝ አካባቢ በሚበቅል የዱር ሥር ውስጥ ነው፤ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበላው ቦዬ ዘመድ ነው። በ1944 ከሸሪኮቹ ጋር ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሲንቴክስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። በ1951 እዚያው ኩባንያ ውስጥ ካርል ጄራሲ፣ ሉዊስ ሚራሞንቴስና ጆርጅ ሮዘንክራንዝ ኖርኤቲስትሮን የተባለውን ሰው ሠራሽ ሆርሞን ሠሩ፤ ዛሬም በወሊድ መከላከያ እንክብሎች ውስጥ አለ። በኋላ ተመራማሪዎች የዳዮስጀኒን አማራጭ ምንጭ ሲፈልጉ አብሽም ከተጠኑት ተክሎች አንዱ ሆነ።

ታዲያ አብሽ የጠጣች ሴት ፕሮጄስትሮን ጠጣች ማለት ነው? አይደለም። ማርከር ያንን ለውጥ ያመጣው በጠንካራ ኬሚካሎችና በሙቀት ነው፤ የሰው ሰውነት ዳዮስጀኒንን ወደ ፕሮጄስትሮን የሚለውጥበት መንገድ የለውም። «ተፈጥሯዊ ሆርሞን» ተብሎ የአብሽ እንክብል ሲሸጥላችሁ ይህችን ነገር አስታውሱ።

ሽያጩ ራሱ የዛሬ አይደለም። ሊዲያ ፒንክሃም የምትባል የማሳቹሴትስ ሴት እ.ኤ.አ. በ1875 ለሴቶች ሕመም የሚሆን የዕፅዋት መድኃኒት ገበያ ላይ አወጣች፤ በአሜሪካ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆነ። ከቅመሞቹ መካከል የአብሽ ፍሬ ነበረበት። ከመቶ 18 እጅ ያህል አልኮልም ነበረበት።

የእናቶቻችን ቃል ግን በዚህ አይወድቅም፤ ሆርሞን ሳይሆኑም መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኢራን ጥናት ላይ 101 ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን በወር አበባው የመጀመሪያ ሦስት ቀናት 900 ሚሊግራም የአብሽ ዱቄት በቀን ሦስቴ ወሰደ፤ ሕመሙ ባዶ እንክብል ከወሰደው ቡድን በጣም ቀነሰ። ስለ ወተቱ ደግሞ በ2011 ቱርክ ውስጥ በ66 እናቶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። አብሽ ያለበት ሻይ የጠጡት በወሊድ ሰሞን ካልጠጡት እጥፍ ገደማ ወተት አለቡ። እኔን የሚቆጨኝ ሻዩ ሌሎች ዕፅዋትም ስለነበሩበት ምስጋናው ሁሉ ለአብሽ ሊሰጥ አለመቻሉ ነው። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ተስፋ ይሰጣሉ እንጂ ነገሩን አይዘጉትም። ወተት በዋናነት የሚመጣው ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ሲጠባና ጡቱ ሲራገፍ ነው። አራሷ አብሽ ጠጥታ ልጇን በየአራት ሰዓቱ ብቻ ካጠባች አብሽ ምን ያድርግላት?

መጠንቀቅ ያለባቸውም አሉ። ወጥና ቅቤ ውስጥ የሚገባው አብሽ አያስፈራም፤ እርጉዝ ሴት ግን በብርጭቆ ወይም በእንክብል አትውሰደው፤ ማህፀን ሊያነቃቃ ይችላል። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ስኳሯን እየለካች ብትጠጣ ይሻላል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምትወስድ ደም የመፍሰስ አደጋን ሊጨምር ይችላል። የጡት ካንሰር ያለባት ሐኪሟን ትጠይቅ፤ ከአብሽ ፍሬ የወጣ ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ከኢስትሮጅን ተቀባዮች ጋር ሲያያዝ ታይቷል። ሽምብራና ኦቾሎኒ የማይስማማት ደግሞ አብሽም የእነሱ ወገን መሆኑን ትወቅ።

አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ለምትወልዱ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በላባችን ላይ የሚቀረው የአብሽ ሽታ ሶቶሎን ከሚባል ነገር ይመጣል። ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚሠራው ሽሮፕም የሚሸተው በዚሁ ነው። ሽንታቸው ልክ እንደዚያ ሽሮፕ የሚሸትባቸው፣ በዘር የሚመጣ ከባድ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት አሉ። እናቷ አብሽ የጠጣች ጤነኛ ሕፃን እንዲሁ ሸትታ ሐኪሞች የደነገጡበት አጋጣሚ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ከወሊድ በፊትም ሆነ በኋላ ምን ያህል አብሽ እንደጠጣችሁ ለነርሷ ንገሯት። ምርመራ ይደረግ ካሉም አትከልክሉ፤ በተለይ ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ ወይም ከደከመ።