ሰዋስውና የሕፃን አንደበት

ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ይዞ የሄደ መንገደኛ የእስቴን ከተማ መካነ ኢየሱስን ያገኛል። በአዲስ አበባ ያደገ ተማሪ ይህን ስም ሲሰማ ምናልባት በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ትዝ ትለው ይሆናል፤ እኛ የምንናገረው ግን በጋይንትና በስማዳ ጉርብትና ስላለችው ከተማ ነው። አንባቢያችንን ወደዚያ የምንወስደው ስለ ገበያዋ ወይም ስለ አየሯ ለማውራት አይደለም። ስሟ ራሱ አንድ የሰዋስው ጥያቄ የያዘ ስለ ሆነ ነው።

«መካን» በግዕዝ ስፍራ ማለት ነው። ይህ ቃል ባለቤት ሲከተለው የመጨረሻው ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ይለወጥና «መካነ» ይሆናል። በአማርኛ «የኢየሱስ ስፍራ» ብለን ባለቤቱን እናስቀድማለን፤ ግዕዝ ግን ንብረቱን አስቀድሞ ባለቤቱን ያስከትላል። ለውጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ነ» ቀርታ «ን» ብትሆን ስሙ በአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚያሰማ አንባቢ ያውቀዋልና አንዘረዝረውም። እህሉን ጭኖ ወደ ከተማዪቱ የሚገባው ገበሬ ይህን የግዕዝ ሕግ በቀን ስንት ጊዜ በአፉ ይጠራዋል፤ ሕጉን ንገረን ብንለው ግን በመገረም ከማየት በቀር መልስ የለውም። እንግዲህ ይህ ሰው ሰዋስው ያውቃል ወይስ አያውቅም?

ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ወደ ሊቃውንት ከመሄዳችን በፊት በደጅ የሚጫወት አንድ የሦስት ዓመት ልጅ እናዳምጥ። ታናሽ ወንድሙን ሲጠራ «ምጣ!» ይለዋል። ታላቅ እኅቱ ሥቃ «ና በል እንጂ» ትለዋለች። እርሱም ትንሽ ቆይቶ «ምጣ አልኩህ!» ይላል። ትልልቆች በዚህ እንሥቃለን፤ ነገር ግን ልጁ ከየት አመጣው? በቤቱ «ምጣ» ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። የሰማው «ና» ብቻ ነው። ልጁ ግን «አትብላ» ካለ «ብላ»፣ «አትቅዳ» ካለ «ቅዳ» መኖሩን አስተውሏል፤ ስለዚህ «አትምጣ» ካለ «ምጣ» የግድ መኖር አለበት ብሎ ፈርዷል። ስሕተቱ የሕግ ዐዋቂ ስሕተት ነው። የሚሰማውን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስሕተት ባልተሳሳተ ነበር።

ሌላም አለ። «ልጁ አልመጣም» እንላለን፤ «ያልመጣ ልጅ» ስንል ግን በመጨረሻ የነበረችው «ም» ትወድቃለች። «ስላልመጣ»፣ «ካልመጣ» ስንልም እንዲሁ ነው። ደግሞ «ዳቦ በላ» እና «ዳቦውን በላ» እንላለን፤ ዳቦው የታወቀ ሲሆን «ን» ትጨመራለች፣ ያልታወቀ ሲሆን ትቀራለች። ከአንባቢዎቻችን መካከል እናቱ አስቀምጣ «ልጄ ሆይ፣ በዚህ ጊዜ ምን ጣላት፣ በዚያ ጊዜ ንን ጨምራት» ብላ ያስተማረችው ካለ ይንገረን። እናቲቱ ራሷ ሕጉን በቃል አታውቀውም። ሆኖም ልጇ ፊደል ሳይቆጥር ሁሉንም ይዞት ይገኛል።

ይህ ነገር በውጭ አገር ሊቃውንትም መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ቋንቋ እንደ ማንኛውም ልማድ በመደጋገምና በሽልማት የሚገኝ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ኖም ቾምስኪ የተባሉ ወጣት መምህር ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጡ፤ ሁለት ዓመት ቆይተውም የስኪነርን መጽሐፍ ክፉኛ ነቀፉ። የቾምስኪ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሰው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዐረፍተ ነገር ይናገራል፣ ሌላውም ይረዳዋል፤ ስለዚህ በአእምሮው ያለው የተቆጠሩ ዐረፍተ ነገሮች ክምችት ሳይሆን ዐረፍተ ነገር የሚያፈልቅ ሕግ ነው፤ ለዚህም የሚሆን ዝግጅት ከተፈጥሮው ተሰጥቶታል። ዣን ቤርኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 በዓለም የሌለ እንስሳ ሥለው፣ በቋንቋው የሌለ ስም ሰጥተው፣ «አሁን ሁለት ሆኑ፤ ምን ይባላሉ?» እያሉ ሕፃናትን ጠየቁ። ሕፃናቱም ሰምተውት የማያውቁትን ስም እንደ ሥርዓቱ አበዙት። አንባቢያችን ቤቱ ሲገባ ሊሞክረው ይችላል፤ «ሰውየው ትናንት ዘጠፈ፤ ነገስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ልጁን ቢጠይቅ «ይዘጥፋል» ሳይለው የሚቀር አይመስለንም።

ሁሉም በቾምስኪ አልተስማሙም። ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መጽሐፍ ሕፃኑ ሰዋስውን ይዞት አይወለድም፤ የሰዎችን ሐሳብ ለማወቅ ከመጣሩና የሰማቸውን አባባሎች እያመሳሰለ ከማጠቃለሉ የተነሣ ይገነባዋል ብለዋል። እኛ በዚህ ክርክር ፈራጅ ለመሆን አንዳዳም። ነገር ግን አገራችን ለዚህ ጥያቄ የምታቀርበው፣ በሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ማስረጃ አለ እንላለን።

የእስቴ አካባቢ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገሮች መካከል የተቀመጠ ነው። በአጠገቡ ጋይንት አለ፤ በቤተልሔም ድጓው፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕቱ የታወቀ። ከጋይንት ባሻገር ዋድላ፣ ከዓባይ ማዶ በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ ሦስቱም በቅኔ ቤትነት ስማቸው የተጠራ ናቸው። በእነዚህ አገሮች አንድ ልጅ በጥንቱ ሥርዓት ትምህርት ሲጀምር በንባብ ቤት ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያም ዳዊት ይደግማል። 150ውን መዝሙር በግዕዝ ያነባል። ቅዳሴውን በግዕዝ ይሰማል። ዜማ ቤት ቢገባ ደግሞ ለዓመታት ከጧት እስከ ማታ በግዕዝ ይጮኻል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ግዕዝ አይገባውም! በአፉ ይወርዳል እንጂ ትርጓሜውን አያውቅም፤ ከራሱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሊሠራበት አይችልም።

ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ይኸው ልጅ በሦስት ዓመቱ አማርኛን ያለ መምህር ያገኘው ነው። መደጋገም ብቻ ቋንቋ የሚሰጥ ቢሆን ከዳዊት ደጋሚ ይልቅ ማን ደገመ? የተፈጥሮ ዝግጅት ብቻ የሚበቃ ቢሆንም ልጁ ያንኑ አእምሮ ይዞ ነው የተቀመጠው። እኛ እንደሚመስለን የጎደለው ይህ ነው፤ በግዕዝ ውኃ የጠየቀው ሰው የለም፤ በግዕዝ ተቆጥቶት የሚያውቅ፣ በግዕዝ ያባበለውም የለም። ድምፁ ከነገሩ ጋር ተገናኝቶ አልመጣለትም። ግዕዝ የአፍ መፍቻ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋልና ይህን የሚያደርግለት እናት ከየት ትምጣ?

እንግዲህ መሰላል የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። «ሰዋስው» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ተማሪው ቅኔ ቤት ሲገባ የኔታ ግሱን ያስጠኑታል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያለ በአርእስተ ግስ ይጀምርና እያንዳንዱ ግስ እንዴት እንደሚረባ ያጠናል። ስምንት ናቸው የሚባሉትን የግስ አርእስት በመቁጠር ረገድ መምህራን ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ይህም ለብቻው ጉባኤ የሚያስቆም ነው። ከዚያ አገባቡ ይከተላል። ተማሪው በጧት ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ዘአምላኪየን፣ እያደር ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ሲነግር የኔታ ያርሙታል። «ቤቱ ደርሷል፣ አገባቡ ግን አልያዘም፤ ሂድና አቅናው» ይሉታል። «እሺ የኔታ» ብሎ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የቅኔ ቤት ሕግ ነው። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም፤ የሌላውን ይዞ የመጣ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ተማሪው ዕለት ዕለት ማንም ብሎት የማያውቀውን እንዲናገር ይገደዳል። ቾምስኪ የቋንቋ ዐዋቂነት ምልክት ነው ያሉትን ነገር የእኛ መምህራን ከእርሳቸው ብዙ ዘመን ቀድመው የፈተና መመዘኛ አድርገውታል።

መሰላሉን በመጽሐፍ ያኖሩልንም አሉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ፈጸሙት፤ የሰዋስውና የግስ መጽሐፋቸውም ካረፉ በኋላ በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። የአማርኛ ሰዋስው ግን መሰላልነቱ ለባዕድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1698 የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ያሳተሙት ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩአትም፤ ቋንቋውን ያገኙት ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። የአገሩ ሰው ሰዋስው ሲል ግዕዝን ብቻ ያስብ ነበርና፣ አማርኛም ሰዋስው እንዳለው እነ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በመጽሐፍ ማሳየት ነበረባቸው። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ባዬ ይማም ያሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» በቾምስኪ መንገድ ሄዶ ተናጋሪው ሳይነገረው የሚያውቀውን ለመግለጽ ሞከረ። ስለዚህ የገጠሩን ሰው ንግግር ሰምቶ «ሰዋስው የለውም» የሚል ወጣት ሹም ካለ፣ የራሱን ትምህርት አልጨረሰም ማለት ነው።

የቅኔ ተማሪው ወደ ግዕዝ የወጣው በአማርኛ ግድግዳ ላይ መሰላሉን አስደግፎ ነው። የኔታ ግሱን የሚፈቱለት በአማርኛ ነው፤ የሕጉን ምክንያት የሚረዳውም በአማርኛ ነው። ግድግዳ የሌለውስ ሰው? ኤሪክ ሌነበርግ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት መጽሐፍ የመጀመሪያ ቋንቋ የሚገኝበት ዕድሜ ወሰን እንዳለው ተከራክረዋል። የወሰኑ ልክ ዛሬም ያከራክራል፤ ይሁን እንጂ በልጅነቱ አንድም ቋንቋ ሳያገኝ የቀረ ሰው በኋላ ሲማር ብዙ እንደሚቸገር ታይቷል።

ይህ ለገጠሩ አገራችን የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስማት የተሳነው ልጅ ሰሚዎች ብቻ ባሉበት መንደር ሲወለድ፣ ለእርሱ የእናቱ አማርኛ ለዳዊት ደጋሚው ከነበረው ግዕዝ የባሰ የራቀ ነው። ከብት ይጠብቃል፣ በእጁ ምልክት ከቤተሰቡ ጋር ይግባባል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚፈጥሯቸው ምልክቶች የራሳቸው ተራ እንዳላቸው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ግን የሚመልስለት ጓደኛ ስለሌለው ከዚያ አያልፍም። በኒካራጓ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ልጆች በትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ፣ መምህራኑ ያላስተማሯቸውን አንድ ሙሉ የምልክት ቋንቋ በመካከላቸው አበቀሉ፤ ይበልጥ ያሳመሩትም ትንንሾቹ ነበሩ። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትምህርት ይሰጥበታል። በየወረዳው የተሾመ ወጣት የትምህርት ባለሙያ፣ የሰባት ዓመት ልጆችን ሲመዘግብ በቤት የቀረውን ልጅ «ሲያድግ ይማራል» ብለው ወላጆቹ ቢነግሩት፣ ዓመቱ እያለፈ ያለው የሁለተኛ ቋንቋ ሳይሆን የመጀመሪያው መሆኑን አስቦ የልጁን ስም ያን ዕለት ይጻፍ።