ዶሮዋ ጥግ የያዘችው ለምንድን ነው?



መድኃኒት ቤት ለሰው ብቻ መድኃኒት የሚጠየቅ ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ «ዶሮዬ ካኮረፈች ሦስት ቀኗ ነው፣ ሁለት ፍሬ ቴትራሳይክሊን ስጪኝ» የሚሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። በዚህ ወር ዓምዳችን ዶሮ ከጓደኞቿ ተለይታ የምትቀመጥበትን ምክንያት እናያለን፤ ያ ፍሬ ለምን እንደማይበጃትም እንነጋገራለን።

ዶሮ በአውሬ የምትታደን ፍጥረት በመሆኗ ሕመሟን ትደብቃለች። ድክመት ያሳየችውን የገዛ ጓደኞቿም ይነቁሯታል። ስለዚህ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ከድና፣ ተኮራምታ ስታገኟት ሕመሙ የጀመራት ዛሬ ላይሆን ይችላል። «ጠባይዋ ነው፣ ዓይን አፋር ናት» የሚባለው ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

በእርግጥ ሕመም ያልሆነም መገለል አለ። የአበሻ ዶሮ ስታቅፍ ለ21 ቀን ያህል ከጎጆዋ ብዙ አትነሳም፤ ሲነኳት ትቆጣለች፣ ብቅ ብላ በልታ ጠጥታ ትመለሳለች። ቦቫንስ ብራውንን የመሳሰሉት ለእንቁላል የተዳቀሉ ዝርያዎች ግን የማቀፍ ጠባያቸው በእርባታ የተቀነሰ ነው። እንዲህ ያለችዋ ቀኑን ሙሉ ጎጆ ውስጥ ከዋለች «እያቀፈች ነው» ብላችሁ አትተዋት፤ እንቁላሉ አልወጣ ብሏት ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ላባዋን የምትቀይር ዶሮም ዝም ትላለች፣ እንቁላልም ታቆማለች።

ሌላው የደረጃ ነገር ነው። ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 እንደገለጸው ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ አላቸው። የመጨረሻዋ ሌሎቹ እስኪጠግቡ ዳር ትቆማለች። ለእሷ መድኃኒቱ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ሁለተኛ የእህልና የውኃ ዕቃ ነው።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ከገበያ የመጣችው ናት። እግሯ ታስሮ፣ ውኃ ሳታገኝ የዋለች ዶሮ አዲስ ግቢ ስትገባ ብታፍር አይገርምም። ነገር ግን ፈንግልም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው፤ በሽታው ከገባባት በኋላ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 15 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ቢቻል 3 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ዓይን አፋርነቱ በዚህ ጊዜ ይለቃታል፤ ፈንግል ከሆነ ግን አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንገት መጣመም ያሳያል።

ለመለየት ሲመሽ ቆጥ ላይ ሳለች ከአንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣታችሁ ዳሱ። ሞልቶ ካገኛችሁት ስትበላ ውላለች ማለት ነው። ባዶ ከሆነ፣ ወይም ጠዋትም እንደሞላ ካደረ ችግር አለ። ኩሷን ተመልከቱ፤ ደም ካለው ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከገረጣ የቆጡን ስንጥቅ በባትሪ እዩ፣ ደም የሚመጥ ቅንቅን ሌሊት የሚወጣው ከዚያ ነው።

ወደ ቴትራሳይክሊኑ እንመለስ። ፈንግልም ሆነ የዶሮ ፈንጣጣ የሚመጡት በቫይረስ ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ አይነካቸውም። በተጨማሪም ቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ደግሞ ካልሲየም የበዛበት ነው፣ ስለዚህ ከመድኃኒቱ ብዙው ወደ ደሟ ሳይገባ ይቀራል። የገባው ለቀናት በእንቁላሏ ይወጣል፣ እንቁላሉን የሚበሉት ልጆቻችሁ ናቸው። ክሎራምፌኒኮልማ ጨርሶ አይታሰብ፤ አልፎ አልፎ የሰውን የደም ማምረቻ መቅኔ ስለሚያደርቅ በአውሮፓ ኅብረት ሀገራት ለምግብ ለሚሆኑ እንስሳት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ተከልክሏል። ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ሲታዘዝ እንቁላሉና ሥጋው ስንት ቀን እንደማይበላ አብሮ ይነገራል፤ ካልተነገራችሁ ጠይቁ።

«ሳትበክት ቶሎ ትታረድ» የሚለውም የተለመደ ነው። የዲኑን ብይን ለዑለሞች እተዋለሁ፤ በጤና በኩል ግን አደጋው የሚበልጠው በሚያርደውና ላባዋን በምትነጨው ላይ ነው። የፈንግል ቫይረስ የሰውን ዓይን ያቀላል። የወፍ ጉንፋን በልዩ ልዩ ሀገራት ሰዎችን የያዘው በአብዛኛው የታመመ ዶሮ ሲነኩ፣ ሲያርዱና ሲነጩ ነው። ደጅ የተጣለው ላባና አንጀት ደግሞ የጎረቤትን ዶሮ ይፈጃል። ደብቆ ገበያ መሸጥማ የራስን ጉዳት በሌላው ቤት መጣል ነው። የሞተችውን ውሻ እንዳያወጣት በጥልቀት ቅበሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። የታመመችን አያድንም፣ ለጤነኞቹ በየጊዜው የሚደገም ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ የማይቀመጥ በመሆኑ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ብትጠሩ ወጪው ይቀልላችኋል።