ገልብጠህ እየው

ጃፓን ውስጥ ኦካያማ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ በባቡር ኢምቤ ወደምትባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ሄድኩ። የቢዘን ሸክላ የሚሠራው እዚያ ነው። ማቻ የተባለው የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት የሚመታበት ጽዋ፣ ጃፓኖቹ «ቻዋን» የሚሉትን፣ ልገዛ ነበር። ለስላሳና አንድ ዓይነት ቀለም ያለውን አነሳሁ። ባለሱቋ እናት ግን ሌላ አመጡልኝ፤ ግማሽ ጎኑ ሰሊጥ የተበተነበት የሚመስል፣ ግማሹ ጠይም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝና «ገልብጠህ እየው» አሉኝ።

መቀመጫው ላይ አመድ አልደረሰም፤ የአፈሩ የራሱ መልክ ይታያል። ይህ አፈር ከሩዝ ማሳ ሥር የሚወጣ፣ ብረት የበዛበት ጭቃ ነው። ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እቶኑን በቀይ ጥድ እንጨት ቀስ እያሉ፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ፣ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ያነዱታል። ሙቀቱ ከ1,200 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ነበልባሉ ተሸክሞት የመጣው አመድ ጽዋው ላይ ቀልጦ ከአፈሩ ጋር እንደ መስታወት ይዋሃዳል። ቀለም የቀባው ሰው የለም። ጃፓኖቹም ነጠብጣቡን «ጎማ» ይሉታል፤ ሰሊጥ ማለት ነው። የእኔ ጽዋ በየትኛው ጎኑ ወደ ማገዶው ዞሮ እንደተቀመጠ ሰሊጡ ይነግረኛል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቀይ ክር የሚመስል መስመር አለ፤ ዕቃዎቹ እንዳይጣበቁ የጠቀለሉበት የሩዝ ገለባ ከአፈሩ ብረት ጋር ተዋህዶ የተወው ነው።

ቢዘን ቀድሞ የገበሬ ዕቃ ነበር፤ ጋን፣ የዘር ማሰሮ፣ መፍጫ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሻይ ሥርዓት ሊቃውንት ናቸው ከተወለወለው የቻይና ሸክላ ጎን ያስቀመጡት። ትክክል ፈርደዋል እላለሁ።

ከመጠጣቴ በፊት ጽዋዬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ሲርስ ይጠቁራል፤ ሰሊጡ ደመቅ ይላል፤ አረንጓዴው ሻይ በዚያ ቡናማ ውስጥ የሚያምረውን ያህል በነጭ ሲኒ አምሮ አላየሁም።

በኋላ አንድ የሻይ ግብዣ ላይ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ የጽዋውን መልከ ቀናውን ጎን ወደ እንግዳው አዙራ ታቀርባለች፤ እንግዳው በዚያ በኩል ላለመጠጣት ጥቂት ያዞረዋል። ጠጥቶ ሲጨርስ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ጽዋውን ከምንጣፉ ብዙ ሳያርቅ ያየዋል፤ ቢያመልጠው እንዳይሰበር። ባለሱቋ እናት ለምን ጎንበስ እንዳሉ የገባኝ ያኔ ነው።