ማን አለ? ከየትስ አገኘው?

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ አማካሪንም ተማሪንም የሚያስጨንቀው ምዕራፍ ሁለት፣ ማለትም ክለሳ ድርሳናት ነው። አሁን ጭንቀቱ መልኩን ቀይሯል። ጽሑፍ አመንጪው ማሽን ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደራሲው ስም፣ ርእሱ፣ ቅጹና ገጹ የተሟላለት፣ ግን ማንም ያልጻፈው ዋቢ ማቅረብ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ፈታኙም ክርክሩን ከመመዘኑ በፊት የተጠቀሰው ጽሑፍ መኖሩን ለማጣራት ይገደዳል።

ማሽኑን መራገም ቀላል ነው። ሳያነቡ መጥቀስ ግን ከማሽኑ በፊት የኖረ ልማድ ነው። የተማሩ ሰዎች፣ ታላላቅ ድርጅቶች፣ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ጭምር የተነከሩበት ነው። ምስክሩም የራሳችን ደጋ አገር ነው።

ክለሳ ድርሳናት ዛሬ በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንደኛው ጽሑፎችን አስቀድሞ በተወሰነ ስልት ፈልጎና አጣርቶ የሚደምረው ስልታዊ ክለሳ ነው። በሕክምናው ዘርፍ በ1993 የተመሠረተው ኮክሬን፣ በማኅበራዊ ጥናት ደግሞ በ2000 የመጣው ካምቤል የተባሉት ድርጅቶች አስፋፍተውታል። በ2009 ወጥቶ በ2020 የታደሰው ፕሪዝማ የሚባለው መመሪያ ስንት ጽሑፍ ተገኘ፣ ስንቱ ተጣለ፣ ስንቱ ቀረ የሚለውን በሥዕል አስደግፎ ያስቆጥራል። ለጤናው ዘርፍ በጅቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ይመዘግባል፤ እንዲህ ያለ መረጃ ባለበት ጥናቶችን ደምሮ አማካይ ማውጣት ትርጉም አለው። 

ሁለተኛው ጎራ ተራኪው ክለሳ ነው፤ አንባቢው የራሱን ሚዛን ይዞ ክርክሩን የሚከተልበት። ተመራማሪዋ ትሪሽ ግሪንሃልሽና ባልደረቦቿ በ2018 ስልታዊው ከተራኪው ይበልጣል የሚለውን ደረጃ አወጣጥ በጽኑ ተችተዋል። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ማጣሪያ ወንፊቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ሃምሳ ጽሑፎች አንዱን ስሕተት ሲቀባበሉ ከነበረ ቆጠራው ስሕተቱን ሃምሳ ጊዜ ያጸድቀዋል።

የ40 በመቶው ደን ታሪክ ይህን ያሳያል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ ዛሬ ግን 3 ወይም 4 በመቶ ብቻ ቀርቷል የሚለውን ያልሰማ ተማሪ የለም። አሜሪካዊው ፖለቲከኛ አል ጎር እንኳ በ1992 መጽሐፉ 40 በመቶዋን አንሥቷታል። ተመራማሪው አለን ሆበን በ1995፣ ከ1977 ዓ.ም.ቱ ረኃብ በኋላ ገበሬው በእህል ክፍያ እርከን እንዲሠራና ችግኝ እንዲተክል የተደረገበት ዘመቻ በዚህ ዓይነት ትረካ ላይ መቆሙን አሳየ። በዚያው በ1995 ሌላው ተመራማሪ ሃልቮር ቮይን ጥቅሶቹን ወደ ኋላ ተከተላቸው፤ አንዱ ሪፖርት ሌላውን ይጠራል፣ ያኛውም ሌላውን፤ መጨረሻው ላይ ግን መሬት ወርዶ የለካ አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 የተጓዦችን ጽሑፍ አገላብጦ ከዚሁ መደምደሚያ ደረሰ። የተመራማሪው ያን ኒሰን ቡድን ደግሞ በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይዞ በየቦታው ተመልሶ ቢያነሣ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ሥፍራዎች ዛሬ የሚበዛው ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ባሕር ዛፍ ለዚህ ድርሻ አለው።

ደን አልተመነጠረም፣ አፈር አልታጠበም ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ በስሜን የቆየው ስዊዘርላንዳዊ ሃንስ ሁርኒ የአፈሩን መከላት በቦታው አጥንቷል። ልዩነቱ እሱ ለካ፣ የ40 በመቶዋ ነጋሪዎች ግን ተቀባበሉ።

በስሜን ከአምቢኮ እስከ ደባርቅ ላለው ሰው ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተሰለፈ፤ በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ መጡ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የታሪክ ተመራማሪው ጊዮም ብላን በ2020 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገበሬውን ጥፋተኛ ያደረገው ሐሳብ ከአንዱ የውጭ ባለሙያ ሪፖርት ወደ ሌላው ሲወራረስ መቆየቱን ከመዛግብት ተነሥቶ ይከራከራል። መጽሐፉ ኃይለኛ ነው። አሁን የምፈራው ብላን ራሱ አዲሱ 40 በመቶ እንዳይሆን ነው፤ በርንሃርድ ኒቨርገልት ስለ ዋልያ የጻፈውን፣ ፍሬድሪክ ሲሙንስ በ1960 ስለ በጌምድርና ስሜን ሕዝብና ኢኮኖሚ ያሳተመውን ሳይገልጡ እሱን ብቻ መጥቀስ ያጓጓልና።

ሌላው ጉድለት የቋንቋ ነው። የውጭ የመረጃ ቋት የሚፈልግ ተማሪ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» የተባለ መጽሐፍ አያገኝም፤ ስለ መሬት ሥሪትና ግብር የሚጽፍ ሰው ግን ያለ እሱ እንዴት ይዘልቃል? በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ የተቀመጡት የማስተርስ ጽሑፎችም እንዲሁ ይዘለላሉ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የተቀበለው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ፓርኩ ደጃፍ ላይ ነው፤ ከግጭ የተነሡትም ጎረቤቶቹ ናቸው። በስሜን ላይ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማሰባሰብ ከእሱ የቀረበ የለም።

አማካሪዎችም «ቢያንስ 50 ዋቢ» ማለቱን ትተው ሌላ ነገር ቢጠይቁ ይሻላል። ተማሪው ጥናቱ የቆመበትን አንድ ዋና አሃዝ ይምረጥ፤ መጀመሪያ ወደ ተናገረው ሰው እስኪደርስ ይከተለው፤ ያ ሰው እንዴት እንዳወቀው ይጻፍ። ሦስት ገጽ ይበቃዋል። ይህን የሠራ ተማሪ ማሽን ቢጠቀምም አይታለልም፤ ያልሠራው ግን ቤተ መጻሕፍት ውሎም አሉባልታ ይዞ ይመጣል።