በሰማይ መንገድ ያለው ማን ነው?

ከአሶሳ ተነስቶ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ የሚወስደው መንገድ በሆሞሻ ያልፋል። አካባቢው በአብዛኛው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጆች የሚኖሩበት ነው። ዓለም ወደዚህ ምድር የመጣችው ዛሬ አይደለም። ወርቅ ፍለጋ የመጣው የሱዳን ነጋዴ ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ዐረብኛውንና እስልምናውንም ይዞ ገብቷል። የበርታ ሰው ዐረብኛን ለምዶ፣ በርታነቱን ሳይለቅ ኖሯል። ስለዚህ “የውጭ ባህል ወረረን” የሚለው የለመድነው ጩኸት ለሆሞሻ ሰው ብዙም አዲስ ነገር አይነግረውም። ሆኖም የዛሬው ከትናንቱ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ያን ለማየት ጉዳዩን በተማሪ ዓይን መመልከት ይበጃል።

እስቲ በሆሞሻ የሚማር አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። እቤት በርታ ይናገራል፤ ገበያ ሲወጣ ዐረብኛ ይሰማል፤ ትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ ይማራል። ማታ ቴሌቪዥን ሲከፈት የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይጠብቀዋል። በመሐል ማስታወቂያ ይገባል፦ የአዲስ አበባ አፓርታማ፣ የአዲስ አበባ ሳሎን፣ የአዲስ አበባ ወጥ ቤት። ልጁ በአንድ ምሽት ኢስታንቡልንም አዲስ አበባንም አይቶ ተኛ። የእናቱን ቋንቋ ግን አልሰማም። ለምን ይሆን ብሎ ቢጠይቅ ምን ብለን እንመልስለታለን?

መልሱ የክፋት ሳይሆን የሒሳብ ነው። ብዙዎቻችን የቴሌቪዥን ጣቢያ ለእኛ ፕሮግራም የሚሸጥልን ይመስለናል። እንዲያውም የሚሸጠው እኛን ነው። ጣቢያው የተመልካቹን ዓይንና ጆሮ በደቂቃ ተምኖ ለአስተዋዋቂው ያቀርባል። አስተዋዋቂው ደግሞ ብሩን የሚያፈሰው ብዙ ገዢ ወደሚሰማው ቋንቋ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በርታዎች ከክልሉ ሕዝብ ሩብ ያህሉ ነበሩ። በአገር ደረጃ ሲታዩ ግን ለሳሙና ፋብሪካ ሒሳብ ጥቂት ናቸው። አበው “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” ያሉት ሳተላይትን አይተው ባይሆንም በትክክል ገልጸውታል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ ማሰማታቸው ይታወሳል። ተተርጉሞ የሚቀርብ የውጭ ድራማ የአገሬውን ሥራ ከገበያ ያስወጣዋል ነው ያሉት። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ከሆሞሻ ሆኖ ለሚያዳምጠው አቤቱታው ግማሽ ነበር። አማርኛ በቱርክኛ ላይ ያሰማውን ስሞታ በርታ በአማርኛ ላይ ቢያሰማው፣ በየትኛው ጣቢያ ይነገርለታል?

ዓለም አቀፍ ኩባንያ ሁልጊዜ ባዕድ መስሎ አይመጣም። የሆላንዱ ሃይኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከገዛ በኋላ ያወጣውን አዲስ ቢራ “ዋልያ” ብሎታል። ማስታወቂያ ባህልን ይወዳል፤ የሚወደው ግን ለሦስት ሰከንድ ነው። እስክስታ፣ ቀጥሎ ሌላ ጭፈራ፣ ቀጥሎ ጠርሙስ! የበርታን ዋዛ እንውሰድ። ዋዛ ሲባል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከቅል የሚሠሩ ረዣዥም ጥሩምባዎች ናቸው። እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ይህን በሦስት ሰከንድ ማን ይሰማዋል? 9ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በ2007 ዓ.ም. አሶሳ ላይ ሲከበር ካሜራው ሁሉ ወደዚያ ሄዶ ነበር። በዓሉ ሲያልቅ ካሜራውም ተመለሰ።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 39 ደግሞ ቋንቋን የማሳደግና ባህልን የመግለጽ መብት ይሰጣል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ግን የአየር ሰዓት አይገዛም። በሌላ በኩል ሕግ ማስታወቂያን መግራት እንደሚችል አይተናል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ በስፖንሰር ይኖሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ተናግተዋል። ችግሩ፣ ሕጋችን የሚቆጣጠረው የተነገረውን እንጂ ሳይነገር የቀረውን አለመሆኑ ነው።

ጉዳዩ የባህል ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ገበያው ይምጣ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የተማሪያችን እናት በማይገባት ቋንቋ የተነገራት መረጃ በቂ ነው ይባላል? የክትባት፣ የብድር ወይም የምርጫ ማስታወቂያ ሲሆንስ? ልጁ አስተርጓሚ ሆኖ ያድጋል። እናቱ ደግሞ በገዛ አገሯ በልጇ አፍ ትሰማለች።

“ለትንንሽ ቋንቋዎች ማን ይከፍላል?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገበያው ስለማይከፍል ነው የሕዝብ መገናኛ ብዙኃን ያስፈለገው። ክልሉ የራሱ ጣቢያ አለው፤ ጣቢያው ግን ከበጀት ውጪ ምርኩዝ ያስፈልገዋል። መንግሥት ራሱ ጨረታውን፣ የጤና መልእክቱን፣ የልማት ጥሪውን የሚያስነግር ትልቅ አስተዋዋቂ ነው። ከዚህ ወጪ የተወሰነው ድርሻ በአካባቢ ቋንቋዎች ለሚተላለፉ ፕሮግራሞች እንዲውል በደንብ ቢወሰን አዲስ ግብር አይጠይቅም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ጎን የማኅበረሰብ ብሮድካስትንም ያውቃል። እንደ ሆሞሻ ላለ ወረዳ የሚስማማው ይኸው ነው።

ተማሪውም የራሱ ድርሻ አለው። ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ማን ከፈለ፣ ለማን ተነገረ፣ ማንስ ተረሳ ብሎ ይጠይቅ። ይህን መጠየቅ የሚያስተምር መምህር ካገኘ ከቱርኩም ድራማ ከአዲስ አበባውም ሳሎን የሚጠቅመውን መርጦ ይወስዳል፤ አያቶቹ ከሱዳኑ ነጋዴ እንዳደረጉት። ልዩነቱ፣ አያቶቹ ከነጋዴው ጋር ፊት ለፊት ይከራከሩ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን እስካሁን ለልጁ ተናግሮ እንጂ ልጁን ሰምቶ አያውቅም።