የከብት መድኃኒት በሞጆ በር

ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚራገፈው ጭነት መካከል የከብት መድኃኒትና ለዶሮ መኖ የሚቀላቀል ፕሪሚክስ ይገኛል። በመልቲሞዳል፣ ማለትም በአንድ የማጓጓዣ ውል ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ የሚመጣ ኮንቴይነር ጅቡቲ ላይ ሳይከፈት ያልፋል፤ የጉምሩክ ሥርዓቱ የሚፈጸመው ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ እዚሁ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ድንበሩ ሞጆ ነው ማለት ይቻላል።

ቁጥጥሩ ግን ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ይጀምራል። አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከአስመጪው የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱም ጥራቱ፣ ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ ታይቶ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ሥራውን ለዓመታት የያዘው የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ኃላፊነቱ ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተላልፏል። ጭነቱ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ሰነዱን ከካርቶኑ ጋር ያመሳክራል፤ የባች ቁጥሩን፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን፣ በመንገድ ላይ ሙቀት እንዳልጎዳው ያያል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ከወደቡ ወጥቶ ወደ ቄራዎቹ ሲኬድ ነው። የፍየልና የበግ ሥጋ ወደ ዐረብ አገሮች የሚልኩ ቄራዎች እዚያው ሞጆ አሉና። መድኃኒት በሚገባባት ከተማ ሥጋ ይወጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተወጋ ፍየል መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ መታረድ የለበትም፤ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ የተዘጋጀው ዓይነት 28 ቀን ያህል መጠበቅን ሊጠይቅ ይችላል። ፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ፣ በቀይ ሥጋ ውስጥ ለሚቀረው የዚህ መድኃኒት ቅሪት በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም ጣሪያ አስቀምጧል። ገዢ አገር ከዚያ በላይ ካገኘ ጭነቱን ሊመልስ ይችላል፤ ኪሳራው ደግሞ ቄራው ላይ ብቻ አያቆምም፣ ፍየሉን ገበያ እስካወጣው አርብቶ አደር ይደርሳል።

መኖው ላይ ነገሩ ይከብዳል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ በ110 የወተት ናሙናዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው በላይ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኝቶባቸዋል። ምንጩ በዋናነት ሻጋታ የያዘው የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ እዚሁ አገር ተጨምቆ የሚቀር እንጂ በኮንቴይነር የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ የወደቡ ፍተሻ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አያገኘውም። በኮንትሮባንድ ገብቶ በገበያ ቀን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ናሙና የሚወስድ ባለሙያና የሚመረምር ላቦራቶሪ ለዘይት መጭመቂያዎቹና ለከብት ገበያዎቹም ያስፈልጋሉ፤ በጀቱም ባለሙያውም ወደዚያ ሊሄድ ይገባል።